ሦስቱ ወጥመዶች

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን "እንደምን ሰነበትሽ" ብዬ ጀመርኩና ቀደድኩት። እንዴት እንደሰነበትሽ እያወቅሁ መጠየቄ አሳፈረኝ። ሁለተኛውን በይቅርታ ስጀምረው ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ መጣ፦ "ይቅርታው ይቆይህና መጀመሪያ ያደረግኸውን ንገረኝ።" እንግዲያው ከዚያው ልነሳ። የደኑ ክፍል አሥራ ሁለት ውስጥ ሦስቱን የጥንዚዛ ወጥመዶች ከቦታቸው አንስቼ ዛፎቹ ጥግ የተከልኳቸው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። አንቺም አላዘዝሽኝም። ይህንኑ በሁለት ገጽ ጽፌ ዛሬ ጠዋት ለመሥሪያ ቤቱ አስገብቻለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደውለሻል። አላነሳሁም። ስልክ ላይ ከሆንን ገና አፌን ስከፍት "ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው" ትይኛለሽ፤ እኔም እንደ ልማዴ እተወዋለሁ። ወረቀት አያቋርጥም። የምታውቂውንም ጭምር ነው የምጽፍልሽ፤ ምክንያቱም አንቺ የምታውቂው የት ላይ እንደሚያልቅ እኔ አላውቅም።

መቆሚያ መቀመጫ አጥቻለሁ። አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ እስከ መስኮቱ ሄጄ እመለሳለሁ። ከታች ያለው ጎሚስታ የአየር መሙያውን ሲያስነሳው ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ፊደሌ ከተንጋደደብሽ ግማሹ የእሱ ነው።

አምና ያ ነፋስ በአንድ ከሰዓት ስልሳ ያህል ጥድ ሲገነድስ አንቺ የደን ጣቢያው ኃላፊ፣ እኔ የወጥመድ ተቆጣጣሪ ነበርን። ተቆጣጣሪ ስል አራት ቀን ሠልጥኜ አንድ አረንጓዴ መመሪያ የተሰጠኝ ሰው ማለቴ ነው። ሥራውንም ለምነሽ ያስገባሽኝ አንቺ ነሽ። የወደቁት ግንዶች ከነቅርፊታቸው ተጋድመው ከቆዩ ጥንዚዛ ይራባባቸዋል ብለሽ ትራክተር እንዲላክልሽ ሁለት ጊዜ ጻፍሽ፤ ትራክተሩ ስድስት ሳምንት አልመጣም። እስከዚያው ወጥመድ ይሁን ተባለና የጥንዚዛ ተመራማሪዋ ዶክተር ከቤተ ሙከራ መጣች።

ያን ቀን ታስታውሻለሽ። የጣቢያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ካርቶን አስቀምጣ የመዳፍ ሲሦ የምታህል የላስቲክ ከረጢት አወጣች። "ይቺ ማባበያ ናት፤ ውስጧ ያለው የጥንዚዛዎቹ ቋንቋ ነው። ፌሮሞን ይባላል" አለች። "እነዚህ እንደ እኛ አፍ አውጥተው አይጣሩም። የሚነጋገሩት በሽታ ነው።"

አንቺ ቀና ሳትዪ፣ "በሽታማ ናቸው። ሌላ ምን ሊሆኑ ነው?" አልሽ።

ዶክተሯ ቀልዱ እስኪገባት ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉንም ነገር ለአንቺ ብቻ የምታስረዳ ይመስል ፊቷን ወደ አንቺ ያዞረችው። አንድ ወንድ ጥንዚዛ መጀመሪያ ይመጣል፤ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። የደከመ ዛፍ ያገኝና ቅርፊቱን ሰርስሮ ይገባል። ከዚያ ዛፉ ራሱን ሊከላከልበት ያፈለቀውን ሙጫ ሆዱ ውስጥ ለውጦ የጥሪ ሽታ ያደርገዋል። "ቤት አግኝቻለሁ፣ ኑ" ማለት ነው። ወንዱም ሴቱም ይሰማል፣ ይመጣል። የመጣውም በተራው ይጣራል።

"ጤነኛ ዛፍስ?" ብለሽ ጠየቅሻት።

"ጤነኛ ዛፍ አምስቱንም አሥሩንም በሙጫው ያሰጥማቸዋል። ሺህ ከመጡበት ግን ሙጫው ያልቅበታል። ዛፉ ሲሞላ ደግሞ ሌላ ሽታ ያወጣሉ፤ 'ሞልቷል፣ ወደ ሌላ ሂዱ' የሚል።"

"ወደ ሌላ ማለት ወዴት?"

"ወደሚቀጥለው ዛፍ።"

ከዚያ ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። "ስለዚህ ወጥመዱ ከቆመ ዛፍ ቢያንስ ሃያ አምስት ሜትር ይራቅ። ማባበያው የጠራቸው ሁሉ ወጥመዱ ውስጥ አይገቡም። ድግስ ጠርታችሁ በራችሁን ካጠበባችሁ፣ እንግዳው ጎረቤት ቤት ይገባል።"

ሰምቻለሁ፣ እታለም። በደንብ ሰምቻለሁ። አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ብዬ ነው ቃል በቃል የጻፍኩልሽ።

ዘጠኝ ወጥመድ ተከልን። ስድስቱ በመንገዱ በኩል ገላጣው ላይ፣ ሦስቱ ከማጡ ማዶ። እነዚያ ሦስቱ ናቸው ነፍሴን ያወጧት። ቦቲ ጫማ ማጥለቅ፣ ሳንቃ መዘርጋት፣ እስከ ጉልበት ጭቃ ውስጥ መግባት፣ መውጣት፣ መታጠብ፤ ወጥመዶቹ ሥር ለሚጠራቀም ሦስት ጣሳ ጥንዚዛ አርባ ደቂቃ። አርባ ደቂቃ ደግሞ አልነበረኝም። ለምን እንዳልነበረኝ እስከ ዛሬ አታውቂም። ማክሰኞና ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ከተማ ውስጥ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ እማር ነበር።

ልሄድ ነበር፣ እታለም። ባለመጋዞቹ ስሜን ትተው ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ፤ "ጭራው"። "ጭራው፣ እህትህ ትፈልግሃለች።" "ጭራው፣ ለእህትህ ይሄን ንገርልን።" እየሳቅሁ "አቤት" እል ነበር። ጭራ ያልሆንኩበት ቦታ መኖር አማረኝ። መኪና ላይ ብቻዬን፣ መሪው በእጄ፣ ከኋላዬ ጭነት እንጂ ከፊቴ ሰው የሌለበት። ለአንቺ መንገር ግን አልቻልኩም፤ ለምነሽ ያስገባሽኝን ሥራ እንዴት ጥዬ ልሂድ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

አንድ ማክሰኞ ዝናብ ጣለና ማጡ ሞላ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አስተማሪው ደግሞ ካረፈድኩ ቦታዬን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሮኛል። ወጥመዶቹን ከነችካላቸው ነቀልኩና በመንገዱ በኩል፣ ገላጣው በስድስቱ ወጥመዶች ስለተያዘ፣ ከቆሙት ዛፎች ሥር ተከልኳቸው። ለዛሬ ብቻ ነው አልኩ። ቅጹ ላይ "ከቆመ ዛፍ ያለው ርቀት" በሚለው ሣጥን ውስጥ ሃያ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን አንቺ ፈረምሽበት፤ ወንድምሽ የሞላውን ቅጽ ምን ብለሽ ታጣሪዋለሽ።

ለዛሬ ያልኩት ስድስት ሳምንት ሆነ።

የሚያናድደው ደግሞ ጣሳዎቹ መሙላታቸው ነው። ማዶ በነበሩ ጊዜ ግማሽ የሚሆኑት ሦስቱ ጣሳዎች እዚያ ጥግ ከሄዱ ወዲህ አፋቸው ድረስ ጥቁር በጥቁር ሆኑ። ዶክተሯ ደውላ አመሰገነች። አንቺማ ለሚመጣ ለሚሄደው ሁሉ ጣሳ እያሳየሽ "የወንድሜ እጅ ቀንቶታል" ስትዪ፣ እኔ አጠገብሽ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። ትሑት መስያቸው ነበር። ጣሳው ሞልቷል እኮ፣ የሞላ ጣሳ ምን ይወጣለታል እያልኩ ራሴን አባብላለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጠራሽኝ። መንገዱ ጥግ ካሉት ዛፎች አንዱ ሥር ተንበርክከሽ አገኘሁሽ። ግንዱ ላይ ከታች እስከ ራስሽ ቁመት ሙጫ ተንጠባጥቧል፤ ሥሩ ላይ የሻይ ቅጠል ብናኝ የመሰለ ቡናማ ዱቄት ተከምሯል። በሴንጢሽ ቅርፊቱን ላጥ ስታደርጊው ከሥሩ ያ ሁሉ የተቆፈረ መንገድ ወጣ፤ አንድ ቀጥ ያለ ዋና መንገድ፣ ከእሱ ግራና ቀኝ የሚወጡ ቀጫጭን መንገዶች፣ በየጫፋቸው ነጭ ትል።

"ወጥመዶቹ የት ነበሩ?" አልሽኝ።

"ቦታቸው።"

"ከማጡ ማዶ?"

"አዎ። ከማጡ ማዶ።"

በዚያች ሰዓት መንገዱ ጥግ አልነበሩም፤ ቡናማውን ዱቄት ካንቺ በሁለት ቀን ቀድሜ አይቼው ኖሮ፣ በዚያው ዕለት ወደ ማዶ መልሼያቸው ነበር። አልጮህኩም፣ ሮጬም ወደ አንቺ አልመጣሁም፤ መጀመሪያ የሮጥኩት ወጥመዱን ልመልስ ነው። ሴንጢውን አጥፈሽ ሱሪሽ ላይ ጠረግሽው። ፊቴን አየሽኝ። ብዙ አየሽኝ። ከዚያ "እሺ" ብቻ አልሽ፤ ያቺ "እሺ" እስከ ዛሬ እየሄደች ትመጣለች።

የቀረውን ሁላችንም አየነው። ከአሥር ቀን በኋላ ሃያ ዛፍ፣ ከወር በኋላ ጫፋቸው እንደ ዛገ ብረት የቀላ አንድ ሙሉ ተዳፋት። ለመቁጠር ጠዋት የሄድንበት ረድፍ ከሰዓት ሌላ ቁጥር ይሆናል። እንዲቆረጥ ትእዛዝ መጣ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ዛፍ። የሞተር መጋዙ ዘጠኝ ቀን ጮኸ። አንቺ ዘጠኙንም ቀን እዚያው ቆምሽ፤ እኔ በየሰበቡ ከተማ እወርድ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አጠገብሽ ተገኘሁ፤ የላይኛው ረድፍ ሲጀመር ነው። ለባለመጋዙ "ትንሽ ቆይ" ብለሽ ሄድሽና አንዱን ግንድ በመዳፍሽ መታ መታ አደረግሽው። ወደ እኔ ዞረሽ፣ "ይህን ረድፍ ስተክል በጀርባዬ አዝዬህ ነበር" አልሽኝ። "እናታችን ታማ፣ የሚይዝህ ጠፍቶ። ጉድጓዱ ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር ፀጉሬን ትጎትት ነበር።" ከዚያ ለባለመጋዙ እጅሽን አነሳሽለት።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ደርሶ ተመለሰ። መጋዙ ተነሳ፤ መጋዙ ሲነሳ ደስ አለኝ፣ እታለም፤ ብናገርም እንዳይሰማ ሆነ ብዬ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ያ ደስታ ነው።

አጣሪ ኮሚቴው መጣና "ግንዱ ለምን ስድስት ሳምንት ተጋደመ?" አለ። የጻፍሻቸውን ሁለት ደብዳቤዎች አወጣሽ። "መጻፍ ብቻ በቂ አይደለም፤ መከታተል ነበረብዎ" አሉሽ። ቸልተኝነት ተባለ። ከኃላፊነት ተነሥተሽ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቀሽ ኬላ ላይ የግንድ መኪኖችን ፈቃድ እንድታዪ ተመደብሽ። አውቶቡሱ ጣራ ላይ ፍራሽሽን ያሰርኩት እኔ ነኝ። በመስኮቱ አንገትሽን አውጥተሽ የነገርሽኝ የመጨረሻ ነገር፣ "ማባበያውን በየስድስት ሳምንቱ መቀየር እንዳትረሳ" የሚል ነበር። "እሺ" አልኩ። እኔም እንደ አንቺ "እሺ" አልኩ።

የመንጃ ፈቃዱን ፈተና አልሄድኩም። አንቺ ስትሄጂ ደግሞ ተጠባባቂ ኃላፊ ብለው ማንን እንደሾሙ ታውቂያለሽ። ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ወንበርሽ ላይ አልተቀመጥኩም። ደብዳቤ የምፈርመው መስኮቱ ደፍ ላይ ቆሜ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ቀን መጥረጊያዋን ተደግፋ "ኧረ ጌታዬ፣ ወንበሩ ውስጥም ጥንዚዛ ገባ እንዴ?" አለችኝ። ሳቅሁ። ወጥቼ ክፍል አሥራ ሁለት ድረስ በእግሬ ሄድኩና ጉቶዎቹ መካከል ስዞር ዋልኩ። እንዲህ ሆኛለሁ። ከሰው ጋር ስቀመጥ እግሬ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል። ምግብ ቀርቦልኝ ቁልፍ የረሳሁ መስሎኝ እነሳለሁ። የረሳሁት ነገር የለም።

አሁን ወደ ባለፈው ሳምንት ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ዓርብ ዕለት ዶክተሯ መጣች። ወረርሽኙ እንዴት እንደጀመረ ጥናት እየሠራች ነው። ካርታ ዘረጋች። የሞቱት ዛፎች በየቀናቸው ቀለም ተቀብተዋል፤ መጀመሪያ የሞቱት በቀይ። ቀዩ የወደቁት ግንዶች አጠገብ አልነበረም። ሦስት ቦታ፣ እንደ ሦስት ጭብጥ፣ በመንገዱ ጥግ ተሰብስቧል።

"እዚህ፣ እዚህና እዚህ ምን ነበር?" አለች።

እሷ ግን መልሴን እየጠበቀች አልነበረም፤ ካርታውን እያጠፈች፣ "ለነገሩ እህትህ ነግራኛለች" አለችኝ።

"ምን ብላ?"

"ሰኞ ደውዬላት ነበር። ማጡ ስለሞላ ሦስቱን ወጥመዶች ወደ መንገዱ ጥግ እንድታመጣ ያዘዘችህ እሷ እንደሆነች፣ ቅጹንም እንደ በፊቱ ሙላው እንዳለችህ ነገረችኝ። ሰው ይሳሳታል። እኔ ግን ለመሥሪያ ቤቱ ሳላሳውቅ መቅረት አልችልም። አሳውቄያለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ሐሙስ ኮሚቴው እንደገና ይቀመጣል አሉኝ። እንግዲህ ይሄኛው ቸልተኝነት አይባልም፤ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ከሥራ የሚያሰናብት ይመስለኛል።" ከዚያ ፊቴን አይታ፣ "ምነው፣ አመመህ?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ" አልኩ። ይታይሽ፣ ያኔም አልተናገርኩም። እስከ መኪናዋ ሸኘኋት። ዓርብ አለፈ፣ ቅዳሜ አለፈ፣ እሑድ አለፈ። ሰኞ ጠዋት ስነሳ እንዲህ እያልኩ ስለብስ ራሴን ያዝኩት፦ "አንዴ ብላለች እኮ። አሁን እኔ ብናገር ውሸታም ትባላለች።" ለአንቺ አዝኜ ዝም ልል ነው። እዚያ ላይ ሸሚዜን አንድ እጁን ብቻ እንዳጠለቅሁ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ሌላው ላይ ተደብቆ ሲኖር እንዲህ ነው የሚያስበው ማለት ነው፤ መደበቁን ራሱ ውለታ ያደርገዋል።

አሁን የምጽፈው ያስቆጣሽ ይሆናል። እኔም ተቆጥቼብሻለሁ።

የአከራያችንን ብስክሌት ያጣመምኩ ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰውዬው ደጃችን ላይ ቆሞ "ማነው?" ሲል "እኔ ነኝ" አልሽ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላት ሴት ብስክሌት ነድታ ግድግዳ ጋር ተላተመች ብሎ ያመነሽ አይመስለኝም፤ ግን የተናገረሽን ሁሉ ተናገረሽ፣ አንቺም ራስሽን ዝቅ አድርገሽ ሰማሽ። እኔ ከኋላሽ ቀሚስሽን ጨብጬ ቆሜያለሁ። ትምህርት ቤት በድብድብ ስባረር የሄድሽው አንቺ። ከመጀመሪያ ሥራዬ ስቀር "አሞት ነው" ያልሽላቸው አንቺ። አንድም ቀን "ሂድና ራስህ ንገራቸው" ብለሽኝ አታውቂም። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን፣ እታለም፣ አንቺ ስለ እኔ በተሰደብሽ ቁጥር እኔ እያነስኩ ሄድኩ። ጭራ ያሉኝ ባለመጋዞቹ አይደሉም፤ እነሱ ያዩትን ነው የተናገሩት።

ይህን ስል ጥፋቱን ላካፍልሽ አይደለም። ወጥመዱን የነቀለው የእኔ እጅ፣ ሃያ አምስት ብሎ የጻፈውም የእኔ እጅ ነው። ብቻ አሁንም ሳልጠይቅሽ ከፊቴ መጥተሽ ስትቆሚ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና አለመሆኑን እንድታውቂ ነው። ታፍኜ ነበር።

ትናንት ቀኑን ሙሉ ጻፍኩ። ዛሬ ጠዋት መዝገብ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ አትረሺውም፣ መነጽሩን በላስቲክ የሚያስረውን። ወረቀቴን ተቀብሎ ሳያነበው እስክሪብቶውን አነሳ።

"ጉዳዩ ምን ልበል?"

"ጥፋት።"

"እንደዚያ የሚል የለኝም። አቤቱታ፣ ጥያቄ፣ ሪፖርት፣ ልዩ ልዩ።"

"እኔ ያጠፋሁትን ነው የጻፍኩት።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወረቀቱን አዙሮ አነበበው፤ ሁለቱንም ገጽ፣ በጣቱ መስመር መስመሩን እየተከተለ። ከኋላዬ ሰልፍ ተይዟል። ጨርሶ መነጽሩን አወለቀ። "እህትህ እዚህ መጥታ የተሰናበተችኝ ቀን 'አደራ ወንድሜን' ብላኝ ነበር" አለ። "ልዩ ልዩ ብዬዋለሁ" አለና ማኅተሙን መታው። ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ፤ ቁጥሩ ከላይ በቀኝ በኩል አለ።

እንግዲህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሐሙስ ስትመጪ ይጠይቁሻል፤ "ወጥመዶቹን እንዲያዛውር አዘዋል?" ይሉሻል። "አላዘዝኩም" በይ። በቃ። "ልጅ ነው" አትበይ፤ ሠላሳ አምስት ልሞላ ነው። "ማጡ ሞልቶ ነበር" አትበይ፤ ምክንያቱ መንጃ ፈቃድ ነው፣ እሱንም ጽፌዋለሁ። "ትራክተሩ ቢመጣ ኖሮ" ግን በይ፤ እሱ እውነት ነው፣ ደግሞም የእነሱ ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ አቁሜ ልዘጋው ነበር፤ አራተኛ ጊዜ ደወልሽ። አነሳሁት። አሁን የዘጋነው ነው፤ የተባባልነውን እጽፈዋለሁ፣ ነገ ስታነቢው እንዲህ አላልኩም እንዳትዪ።

"ምነው ስልክ አታነሳም?" አልሽ።

"ደብዳቤ እየጻፍኩልሽ ነው።"

"ለማን፣ ለእኔ? ምን ሆነህ ነው?"

"ወጥመዶቹን ያነሳሁት እኔ ነኝ።"

ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩንባ ተሰማኝ፤ አንቺ "ቆይ፣ በዚያ በኩል እለፍ" አልሽው። ከዚያ ድምፅሽ ቀረብ አለ። "አውቃለሁ" አልሽኝ። "ዛፉን ያየን ዕለት ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጥግ ሄጄ የችካሎቹን ጉድጓድ አይቻለሁ። ሦስት አዲስ ጉድጓድ፣ ውስጣቸው ገና ሣር እንኳ ያልበቀለባቸው።"

"ዓመት ሙሉ ታውቂ ነበር?"

"እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበር።"

"ታዲያ ለዶክተሯ ለምን እንደዚያ አልሻት?"

"አፌ ቀደመኝ" አልሽ። "ስምህን ስትጠራ ሳላስበው ወጣ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ልማድ ሆኖብኛል።"

ለመሥሪያ ቤቱ ማስገባቴን ነገርኩሽ። ማኅተም እንዳለው ነገርኩሽ። ታለቅሻለሽ ብዬ ነበር፤ አላለቀስሽም። "አልተቆጣሁም አልልህም" አልሽኝ። "አራት መቶ አሥራ ሁለት ዛፍ ነው። አንድ በአንድ ሲወድቁ ቆሜ አይቻለሁ፤ አጠገቤ ሰው አልነበረም። እሱን ጊዜ ስጠኝ።"

"ሐሙስስ?"

"አላዘዝኩም እላለሁ።" ከዚያ ልትዘጊ ስትዪ፣ "ደብዳቤውን ግን ላከው" አልሽ። "በስልክ የነገርከኝን ነገ ትሽራለህ። አውቅሃለሁ።"

እየላክሁልሽ ነው። የጠዋቱ አውቶቡስ ሹፌር ኬላችሁ ላይ ሲቆም በእጅሽ ይሰጥሻል። ከሐሙስ በኋላ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም፤ ቢያባርሩኝም ተገቢ ነው፣ ለእነሱ ደውለሽ እንዳትለምኚልኝ። ቢያቆዩኝ ደግሞ ክፍል አሥራ ሁለት መልሶ መተከል አለበት፤ ጉድጓዱን በእጄ እቆፍራለሁ። አንድም ነገር በእርግጠኝነት ልነግርሽ አልችልም፣ ከአንድ በቀር። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ የኮሚቴው ክፍል በር ሲከፈት እንደ ልማድሽ ቀድመሽ እንዳትገቢ። በሩ ላይ ጠብቂኝ። እኔ እቀድማለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ